ለአባቴ ያስቀመጥኩት ድምፅ

ውድ ነጠላ ሰረዝ፣

የላክልኝ ወረቀት ደርሶኛል። ሦስት ገጽ ነው። መጨረሻው ላይ የምፈርምበትን ቦታ በቢጫ ቀለም አድምቀህልኛል። «ድምፄ ለምርምርና ለማስታወቂያ እንዲውል ፈቅጃለሁ» ይላል፤ ቀኑንም ከአምስት ወር በፊት የተፈረመ አስመስለህ ጽፈኸዋል። አንድ ጊዜ አነበብኩትና ቀደድኩት፤ ስለዚህ አትጠብቀው። በምትኩ ይህን ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ። በእጄ የምጽፈው በስልክ የላክሁልህ ነገር የት ድረስ እንደሚሄድ ስላየሁ ነው።

መጀመሪያ በመዝገብ ስምህ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። አራት ዓመት ሙሉ ነጠላ ሰረዝ ስልህ ኖሬ ዛሬ በሌላ ስም ብጠራህ ከማላውቀው ሰው ጋር የማወራ መስሎ ተሰማኝ። ቆይቼ ሳስበው ደግሞ፣ ምናልባት ያን ሁሉ ጊዜ ሳወራ የኖርኩት ከማላውቀው ሰው ጋር ነው።

የተገናኘንበትን ቀን መቼም አትረሳውም። የንግግር ሕክምና ክፍል በር ላይ ተሰልፈን ነበር፤ አንተ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ካርድ የምታወጣው ሴትዮ «ስም?» አለችህ። አፍህን ከፈትክ፣ የአንገትህ ሥር ተገተረ፣ ምንም አልወጣም። ሰልፈኛው ሁሉ ጫማ ጫማውን ማየት ጀመረ። በመጨረሻ ቀለል ብሎ የሚወጣልህን ቃል ፈልገህ «ረሳሁት» አልካት።

«ስምህን?» አለችህ።

«አዎ፣ ረሳሁት።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም፤ እኔም ስንት ጊዜ ስሜን ረስቼ አውቃለሁ። ተራዬ ሲደርስ መታወቂያዬን አውጥቼ መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት። ዞር ብለህ አየኸኝና «ይ… ይሄ ይሻላል» አልከኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እንደ እኔ ከሚንተባተብ ሰው ጋር ሳወራ ያ የመጀመሪያዬ ነው። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠን ስድስት ሰባት ዓረፍተ ነገር ለመለዋወጥ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። አንዳችንም የሌላውን ቃል አልጨረስንም። እንደዚያ ቀን ብዙ ያወራሁ አይመስለኝም።

ሬዲዮ ጣቢያ እንደምትሠራ ነገርከኝ። የሰው ቃለ መጠይቅ እየሰማህ ሳሉን፣ «እእእ»ውን፣ ዝምታውን ቆርጠህ ትጥላለህ። «ቀኑን ሙሉ የሰው ምላስ ሳቃና እውላለሁ» ብለህ የራስህን ምላስ አወጣህልኝ። እኔም መነጽር ቤት ጓዳ ውስጥ ሌንስ እየሞረድኩ ከፍሬም ጋር እንደማገጣጥም፣ ያንንም ሥራ የመረጥኩት ማሽኑ ጥያቄ ስለማይጠይቀኝ መሆኑን ነገርኩህ። ከዚያ መነጽሯ አልከኝ። አንተን ደግሞ ቃል ከመጀመርህ በፊት ቆም ስለምትል ነጠላ ሰረዝ አልኩህ። «አራት ነጥብ ካልሆንኩ ይበቃኛል» አልክ።

«ቀስ ብለን»ን የከፈትነው በሳምንቱ ነው። ሁለት ሰው ብቻ ያለበት የስልክ ቡድን! እሁድ እሁድ ጠዋት አንድ አንቀጽ ትመርጣለህ፣ ሁለታችንም በድምፅ አንብበን እንልካለን፣ አለቀ። ማንም ማንንም አያርምም። ከዚያ ሾፌሩ መጣ። አውቶቡስ ላይ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶት ስንት ጊዜ ሰፈሩን አልፎ በእግሩ ተመልሷል፤ በኋላ ከዚህስ ራሴው ልንዳ ብሎ ሾፌር የሆነ ሰው ነው። ከዚያ መምህሯ መጣች፤ ሒሳብ የምታስተምረው ሰሌዳ ላይ ስለሚጻፍ እንደሆነ በግልጽ የነገረችን። ከዚያ ሰው ሰውን እየጠራ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ሺህ መቶ ሆንን። ከመሃላችን ለባሏ እንኳ ተናግራ የማታውቀውን የነገረችን አለች። ደንባችን አንድ መስመር ነበር፤ የጻፍከውም አንተ ነህ፦ «እዚህ የተባለ እዚሁ ይቀራል።»

ድምፆቹን ታስቀምጥ እንደነበር አውቃለሁ። ራስህ ነግረኸኛል። «ከዓመት በኋላ ሰው የራሱን ድምፅ መልሶ ሲሰማ ምን ያህል እንደተራመደ ያውቃል» ስትለኝ እንዴት ያለ አሳቢ ሰው ነው ብዬ ኮርቼብሃለሁ። ለእህቴም አውርቼላታለሁ።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። አባቴን በዓይንህ አላየኸውም፤ በወሬ ግን ከዘመዶቼ በላይ ታውቀዋለህ። አናጢ ነበር፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ እጁ ሥራ አይፈታም፣ የጎረቤት ወንበር ሁሉ እሱ ዘንድ ነው የሚታከመው። መትቶኝ አያውቅም፤ ጮኾብኝም አያውቅም። ልጅ ሆኜ ግን ገና «አ…» ብዬ ስጀምር ብድግ ይልና ከክፍሉ ይወጣ ነበር። በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋዋል። ቢጮህብኝ በተሻለኝ። የተዘጋውን በር እያየሁ ቃሉን ጨርሼው አውቃለሁ፤ ማንም ለሌለበት ክፍል።

ባለፈው ክረምት ልቡን ሲያመው፣ ሳይመሽብኝ ልንገረው ብዬ ቆረጥኩ። ስለማመድ ከረምኩና አንድ ቀን ከሥራ በፊት ቀረጽኩት። ሦስት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። «አ… አ… አባዬ፣ እኔ ሳወራ ለምን ትወጣ ነበር? ብትቆይ እኮ እጨርሰው ነበር። ጊዜ ይፈጅብኛል እንጂ እጨርሰዋለሁ። አሁን ልጨርሰው ነው፣ እባክህ እንዳትወጣ።» ለቡድኑ አላክሁትም። ላንተ ብቻ ላክሁት፤ እንዴት ይሰማል ብዬ። አንተም ቆይተህ በጽሑፍ መለስክልኝ፦ «እህት ዓለም፣ አልቅሻለሁ። ይሄን ለማንም አታሰሚ። አንቺው ራስሽ ሄደሽ ንገሪው።»

ይህን የጻፍከው አንተ ነህ። ጽሑፉ አሁንም ስልኬ ላይ አለ።

እስኪሻለው ጠበቅሁ። ድፍረቱም እስኪመጣልኝ ጠበቅሁ፤ አልዋሽህም። አንድ ማክሰኞ ቀን ጓዳ ሆኜ ሌንስ እየሞረድኩ ሳለ መነጽር የምትሸጠው ልጅ ከፊት ክፍል ጠራችኝ። «ነይ ይሄን ስሚ! ልክ እንዳንቺ ነው የምታወራው።» ክፋት የላትም፤ ዘመድ ያገኘችልኝ መስሏት ነው። ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነችው። «አ… አ… አባዬ፣ እኔ ሳወራ ለምን ትወጣ ነበር?» የጠቆረ ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ነበር፦ «ስልክዎ ቢያቋርጥዎትስ? አሁን የሚታገስ ጆሮ አለ።» ጓዳ ስመለስ ማሽኑን ሳላጠፋው ኖሮ ሌንሱ አልቆ አልቆ የአዝራር ያህል ሆኖ አገኘሁት።

በሳምንቱ ድምፄ ከማስታወቂያው ወጥቶ ራሱን ችሎ መዞር ጀመረ። አንዱ «አ… አ… አባ» የምለውን ቆርጦ ከበሮ ገጠመለት። ሌላው በዚያ ጨፈረበት። ሌሎች እሱን እያዩ ጨፈሩ። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ከፊቴ ተቀምጠው ከፈቱት፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ምቱ ጥሩ ነው፤ ሳላውቀው እግሬ ወለሉን መምታት ጀምሮ ነበር። እግሬን ስይዘው ነው እንባዬ የመጣው። ከቪዲዮው ሥር ሰዎች «የማን ድምፅ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። አንዱ «የማንም አይደለም፣ የኢንተርኔት ነው» ብሎ መልሶላቸዋል። እንደሱ የወደዱት መልስ አልነበረም፤ የልብ ምልክቱ ሁሉ ለእሱ ነው የተሰጠው።

አባቴ ስልኩን ከመደወል ውጪ አይነካካም፤ እሱ ዘንድ እንኳ አይደርስም ብዬ ነበር። መዞር በጀመረ በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ።

«ልጄ፣ አንቺ ነሽ?»

«አ…» አልኩ።

«ፀጉር አስተካካዩ ያን ማስታወቂያ አሰማኝ። ድምፅሽን ከሺህ ሰው መሃል አውቀዋለሁ። ሰው ሁሉ እየሰማ…» ድምፁ ተቆራረጠ። «ቅር ያለሽን ነገር ለእኔ ሳትነግሪኝ ለዓለም ነገርሽው? ምን በደልኩሽ?»

እኔ አይደለሁም ልለው ፈለግሁ። «እ» ላይ ተጣበቅሁ። ስልክ እንዴት እንደሚያደርገን ታውቃለህ፤ ዝምታችን ፊት የለውም። «ሄሎ? ሄሎ?» አለ። መንጋጋዬ ተቆልፎ፣ ዓይኔ ፈጥጦ፣ ትንፋሼ ብቻ ነበር የሚሄደው። «ኔትወርኩ ነው መሰለኝ» አለና ዘጋው። መልሶ አልደወለም።

ወደ አዲሱ ቢሮህ የመጣሁት በማግስቱ ነው። ሬዲዮ ጣቢያውን ለቀህ ማስታወቂያው የወጣበት ድርጅት መግባትህን እንኳ የሰማሁት ከሾፌሩ ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ግድግዳው መስታወት፣ ሰዉ ሁሉ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ። አንተ ስታየኝ ፊትህ በራ፤ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ። የምሥራች ልነግርህ የመጣሁ መስሎህ ነበር።

«ለ… ለእኛ ብዬ ነው» አልከኝ። «እነዚህ ንግግር ሰምተው የሚጽፉ ማሽኖች የሚማሩት ቃል ከሚፈስላቸው ሰዎች ነው። እ… እኛ ስንናገር ያቋርጡናል። ማን ያስተምርልን ነበር? ስድስት መቶ ሰዓት ድምፅ የት ይገኝ ነበር?»

«መ… መጠየቅ» አልኩህ። ከዚህ በላይ አልወጣልኝም።

«ደንቡ ላይ አለ እኮ። አምና አሻሽዬዋለሁ። ሁላችሁም 'እስማማለሁ' ብላችኋል።»

ልክ ነህ። ያ ረጅም ጽሑፍ ሲመጣ ትዝ ይለኛል፤ ምሳዬን እየበላሁ ነበር፣ ከታች ያለውን ተጫንኩና ወደ ምሳዬ ተመለስኩ። ሌላ ሰው ቢጽፈው ኖሮ አነበው ነበር። ያላነበብኩት የጻፍከው አንተ ስለሆንክ ነው።

«የአ… የአባቴስ?» አልኩህ።

ዓይንህን ሰበርክ። «ማህደሩን በሙሉ ነው የሰጠሁት። የመረጡት እነሱ ናቸው።»

ይህን ሰምቼ ተጽናንቼ ልሄድ ነበር። በዚያው ያ የሸሚዙን እጅጌ የጠቀለለው አለቃህ ገባ። ማን መሆኔን ሲያውቅ ሁለት እጄን ጨበጠኝ። «አንቺ ነሽ እንዴ! ከሁሉም ይሄኛው ይበልጣል ብሎ ይዞልን የመጣው እኮ እሱ ነው! ስብሰባው ላይ እንባውን ያልጠረገ አልነበረም!»

ዘወር ብዬ አየሁህ። «እኔ ያ… ያልኩት እ…» ብለህ ቆምክ።

«ጥራቱን ነው፣ አይደል? የቀረጻውን ጥራት» ብሎ ጨረሰልህ።

አንተም ራስህን ነቀነቅህ። የሰው ቃል የጨረሰን አባል ከቡድኑ የምታባርር አንተ! ያን ጊዜ ደሜ ፍልት ብሎ ሳለ አሳዘንከኝ፤ ሁለቱ ነገሮች እንዴት አንድ ሆድ ውስጥ እንደሚያድሩ አላውቅም። አለቃህ ሲወጣ ፕሮግራሙን ከፍተህ ስልክህን ሰጠኸኝ። «ተናገሪበት። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ትረጂኛለሽ።» ተናገርኩበት። «ድ… ድምፄን መ… መልስልኝ።» ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ ወሰደብኝ። ስልኩ አላቋረጠኝም። ጠበቀኝ። ከዚያ ያለ አንዲት ስሕተት ጻፈው፦ ድምፄን መልስልኝ።

«አየሽ?» አልከኝ፣ እንደ ልጅ ደስ ብሎህ። «ሰማሽ!»

ስልኩ ሰምቶኛል። አንተ ግን ጽሑፉ ትክክል መሆኑን ብቻ ነው ያየኸው እንጂ ምን እንደሚል አላነበብከውም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬልህ ወረድኩ።

እሁድ ጠዋት አንቀጹን በማንበብ ፈንታ የሆነውን ሁሉ በድምፄ ለቡድኑ ነገርኩ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀብኝ። አንተም እንደሰማኸው አውቃለሁ፤ ምልክቱ ይታያል። ከዚያ የሆነውን ግን ስለወጣህ አታውቀውም። ሰዉ ሁሉ ከእኔ ጎን የቆመ እንዳይመስልህ። መምህሯ «እኔ በዚያ ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ቤት በስልክ ቀጠሮ ያዝኩ፤ ዋሽቼ አልጠላውም። ድምፄን ቢጠይቁኝ በደስታ እሰጥ ነበር። ያልጠየቁኝ ለምንድን ነው?» አለች። ሾፌሩ የአራት ዓመት ድምፁን አንድ በአንድ ሲያጠፋ ውሎ ወጣ። እኔን የሰደቡኝም አሉ፤ «የመጣልንን ነገር ልታበላሺብን ነው» ብለው። ከሁሉ የከፋው ግን የቀሩት ናቸው። ድሮ ሰው አንድ ቃል ላይ ተጣብቆ ሲታገል እንዳለ ይልከው ነበር። አሁን ቀርጾ ያጠፋል፣ ደግሞ ይቀርጻል፣ ሲያምርለት ይልካል። ሰው እየሰማን ነው ብለው ያሳምራሉ። ከዚያ መላኩም ቀረ። ባለፈው እሁድ አንቀጹን ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ማስታወቂያውን እንዳስወረድከው ጽፈህልኛል። አመሰግናለሁ። ከበሮ የተገጠመለትን ግን ማን ያወርደዋል? ገንዘብ እንዳልተቀበልክበትም ምለህልኛል። አምንሃለሁ። ሽጠኸው ቢሆን ኖሮ ዋጋውን የሚያውቅ ሌባ ነው ብዬ እተውህ ነበር። አንተ ግን አልቅሰህበት፣ እያወቅህ፣ ደግ ሥራ የሠራህ መስሎህ ነው አሳልፈህ የሰጠኸኝ።

በመጨረሻው መልእክትህ ደግሞ «ግን እኮ ምን ጎደለብሽ? ድምፅሽ አሁንም አንቺው ጋ ነው» ብለሃል። ስቀህብኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በእውነት አልገባህም። ስለዚህ የጎደለብኝን ልንገርህ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አባቴ ቤት ሄድኩ። አልጠራኝም፤ ራሴ ሄድኩ። የተሰበረ ወንበር ጉልበቱ ላይ አድርጎ እየላገ ነበር። ከፊቱ ተቀመጥኩና ጀመርኩ። «አ… አ…» ወንበሩን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። አልተነሳም። ሃያ ደቂቃ ይሁን ግማሽ ሰዓት አላውቅም፣ ቁጭ ብሎ ሰማኝ። ለዓለም የላክሁት እኔ እንዳልሆንኩ፣ ማን እንደላከው፣ ከዚያም ያንኑ የተቀረጸውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። ጨረስኩት። አየህ፣ በሕይወቴ ሙሉ የጠበቅሁት ይህን ነበር።

አባቴም እንዲህ አለኝ፦ «ልጄ፣ የምወጣው ንቄሽ አይደለም። ስትጨነቂ ማየት አቅቶኝ ነው። ይህ ግን የኔ ድክመት ነው፣ በአንቺ ላይ መውደቅ አልነበረበትም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ጥሩ መልስ ነው፤ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። ግን ሳያቆም፣ ቃል ሳይፈልግ፣ በልቡ እንደያዘው ሰው አንድም ቃል ሳይዛነፍበት ነው ያለው። ሦስት ሳምንት ሲያዘጋጀው ከርሟል። ፊቱም አብሮ ተዘጋጅቷል፤ ታጥቦ፣ ተረጋግቶ፣ ጥያቄዬን ቀድሞ የሚያውቅ ፊት። እኔ ልጅነቴን ሙሉ ያንን በር እያየሁ የጠበቅሁት ሌላውን ነው፤ ያልተዘጋጀውን፣ «ለምን ትወጣ ነበር?» የሚለው መጀመሪያ ጆሮው ሲገባ የሚሆነውን ፊት። እሱ ያለኝን ሁሉ ያሳምነኝ የነበረው ያ ብቻ ነው።

አቅፎኝ ስናወራ አመለጠውና «ያን ዕለት ፀጉር አስተካካዩን ሦስት ጊዜ አስደገምኩት» አለኝ። ግማሽ ፀጉሩ ተቆርጦ፣ ግማሹ ሳይነካ፣ ጨርቁ አንገቱ ላይ ታስሮ፣ ሦስት ጊዜ።

በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄድኩ። ሴት ብቻዋን ስትገባ ወረፋ የያዙት ወንዶች ቀና ብለው አዩኝ። ሳወራ ማን እንደሆንኩ ሁሉም አወቁ፤ አንዱ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ታግዬ ታግዬ ጠየቅሁት፦ «አባቴ ያንን ሲሰማ ፊቱ ምን ይመስል ነበር?» አጠገቡ ነበር፤ ከፊታቸውም ትልቅ መስታወት አለ።

ሰውየው መቀሱን አስቀመጠ። ለማስታወስ ከልቡ ሞከረ። ወረፋ ወደያዙትም ዞሮ አየ፤ እነሱም ያን ዕለት እዚያው ነበሩ፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህቴ» አለኝ። «አላየሁትም። ሁላችንም ስልኩን ነበር የምናየው።»

ነጠላ ሰረዝ፣ እንዲህ ነው። ሌላ ወረቀት አትላክልኝ፤ ሰውም አትላክብኝ። እርግማን ከአፌ አይወጣም፣ ስምህንም ለማንም አልሰጥም። ቅያሜዬ ሲያልቅ ራሴ እጽፍልሃለሁ፤ ገና አላለቀም።

መነጽሯ